ራጅን ወደ ቁስለኛው የወሰደች ሴት

የዘንድሮው የመገናኛ መጽሔታችን አዘጋጆች ስለ አንድ ታዋቂ ሰው እንድጽፍ ሲጠይቁኝ ብዙም ሳላመነታ ማሪ ኩሪን መረጥኩ። ከመካከላችን ስሟን ያልሰማ የለም። ራዲየምን ያገኘች፣ ሁለት ጊዜ ኖቤል የተሸለመች፣ በሳይንስ መጽሐፋችን ላይ ጥቁር ቀሚስ ለብሳ የምናያት ሴት ናት። እኔ ልጽፍ የፈለግኩት ግን ብዙ ጊዜ በአንድ መስመር ስለሚታለፉት አራት የጦርነት ዓመታት ነው። በእነዚያ ዓመታት የሠራችው ሥራ፣ ሌላ ሰው ያገኘውን ነገር ለሚያስፈልገው ሰው ማድረስ ነበር። ሐኪምም እንሁን መሐንዲስ ወይም መምህር፣ ከታሪኳ በጣም የሚመለከተን እሱ ይመስለኛል። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው። አንቱታውንም ትቼ በስሟ እጠራታለሁ፤ ካለማክበር እንዳትቆጥሩብኝ።

ማሪያ ስክሎዶውስካ በ1867 ዋርሶ ውስጥ ተወለደች። ያን ጊዜ ከተማዋ በሩሲያ ዛር አገዛዝ ሥር ነበረች። አባቷ የሒሳብና የፊዚክስ መምህር ነበሩ። ከአምስት ልጆች የመጨረሻዋ ማሪያ ገና አሥር ዓመቷ ሳለ እናቷ በሳንባ ነቀርሳ ሞቱ፤ ከዚያ ቀደም ብላ ታላቅ እህቷ ዞፊያ በታይፈስ ሞታ ነበር። ሁለቱም በሽታዎች ለእኛ ሐኪሞች እንግዳ አይደሉም። ማሪያ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቷን በወርቅ ሜዳሊያ ብትጨርስም የዋርሶ ዩኒቨርሲቲ ሴት አይቀበልም ነበር። ስለዚህ ከባለሥልጣናት ተደብቆ ከቤት ወደ ቤት እየተዘዋወረ በሚሰጥ ትምህርት ተማረች። ሰዎች በራሪው ዩኒቨርሲቲ ይሉት ነበር።

ከዚያ ከእህቷ ከብሮኒያ ጋር ስምምነት ገባች። ማሪያ በሀብታም ቤት ልጆች እያስተማረች ደመወዟን ፓሪስ ሕክምና ለምትማረው ለብሮኒያ ትልካለች፤ ብሮኒያ ስትመረቅ ደግሞ በተራዋ ማሪያን ትረዳለች። እዚህ መጽሔት ላይ ፎቷችን ከወጣው ምሩቃን መካከል ወንድም ወይም እህት ከራሱ ቀንሶ ያስተማረን ስንቶቻችን ነን? እዚህ ቀድማ የከፈለችው ታናሿ መሆኗ ብቻ ነው ልዩነቱ። ብሮኒያ ቃሏን ጠበቀች። ማሪያ በ1891 ፓሪስ ገብታ ሶርቦን ተመዘገበች። በ1893 በፊዚክስ አንደኛ፣ በ1894 በሒሳብ ሁለተኛ ሆና ጨረሰች። በ1895 ፒየር ኩሪ የተባለውን የፊዚክስ ሊቅ አገባች።

የሚቀጥለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ ባጭሩ ልለፈው። አንሪ ቤክሬል በ1896 ከዩራኒየም የሚወጣ ጨረር አገኘ፤ ማሪ ይህን ለዶክትሬት ጥናቷ ያዘችው። በ1898 ከባሏ ጋር ሁለት አዳዲስ ንጥረ ነገሮች መኖራቸውን አሳወቁ። የመጀመሪያውን በዚያን ጊዜ ከካርታ ላይ በጠፋችው አገሯ በፖላንድ ስም ፖሎኒየም አለችው፤ ሁለተኛው ራዲየም ነው። የሠሩበት ቤት ጣሪያው የሚያፈስ መጋዘን ነበር። ድሮ የሕክምና ተማሪዎች አስከሬን የሚያጠኑበት ክፍል ነበር ሲባል ሳነብ የራሴ የአናቶሚ ክፍል ሽታ ትዝ አለኝ። እዚያ ብዙ ቶን የማዕድን ዝቃጭ እየቀቀለችና እያማሰለች በ1902 ከአንድ ግራም አንድ አሥረኛ የምታህል የራዲየም ጨው አወጣች። አሠራሩን በፓተንት አስመዝግበው ሊከብሩበት ይችሉ ነበር። እነሱ ግን ለጠየቃቸው ሁሉ በነፃ ሰጡት።

በ1903 የኖቤል ሽልማት ሲታሰብ ከፈረንሳይ የተላከው ጥቆማ የቤክሬልንና የፒየርን ስም ብቻ የያዘ ነበር። ፒየር ይህን ሲሰማ የእሷም ስም እንዲገባ ጠየቀና ሦስቱ አብረው ተሸለሙ። በ1906 ፒየር ፓሪስ መንገድ ላይ የፈረስ ጋሪ ገጭቶት ሞተ። ማሪ ሁለት ሴት ልጆች ይዛ በ38 ዓመቷ ቀረች። የእሱን ኮርስ ተረከበችና በሶርቦን ያስተማረች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በ1911 ሁለተኛውን ኖቤል፣ የኬሚስትሪውን፣ ለብቻዋ ወሰደች። በዚያው ዓመት የፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ አባልነት በድምፅ ተነፍጓት ነበር።

አሁን ወደ ራጅ ልምጣ። ራጅን ያገኘው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሮንትገን ነው፤ በ1895 መጨረሻ። ብዙዎቻችን የማናውቀው ግን ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ከመጀመሪያዎቹ ታካሚዎች መካከል ከእኛ አገር የተመለሱ መኖራቸውን ነው። በ1896፣ በአድዋው ዓመት፣ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ የጣሊያን ጦር ሐኪም ኔፕልስ ከተማ በሚገኝ ወታደራዊ ሆስፒታል ውስጥ በኢትዮጵያ ዘመቻ የቆሰሉ ሁለት ወታደሮችን ክንድ ራጅ አንስቶ ጥይቱ የት እንዳለ አየ። ልብ በሉ፤ ወታደሮቹ ጥይቱን በክንዳቸው ተሸክመው ባሕር ተሻግረው ነው ማሽኑ ዘንድ የደረሱት። ደም የሚፈሰው ሰው ግን ያን ያህል መንገድ አይችልም።

በነሐሴ 1914 አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲነሳ የማሪ አዲሱ የራዲየም ተቋም ሕንፃ ገና ማለቁ ነበር። አብረዋት የሚሠሩት ወንዶች ዘመቱ። ጀርመኖች ወደ ፓሪስ ሲጠጉ ፈረንሳይ ያላትን የራዲየም ክምችት በእርሳስ በተለበጠ ከባድ ሣጥን አድርጋ በባቡር ወደ ቦርዶ ወሰደችው። ባንክ አስቀምጣው ወዲያው ተመለሰች፤ ብዙ ሰው ከፓሪስ ሲሸሽ እሷ ወደ ፓሪስ ነው የሄደችው። የኖቤል ገንዘቧን በጦርነቱ ቦንድ ላይ አዋለችው።

ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቀች፤ የራጅ ማሽኖቹ የት ናቸው? መልሱ ቀላል ነበር። በትልልቅ ከተሞች ሆስፒታሎችና በሐኪሞች ክሊኒክ ውስጥ ናቸው። ግንባር አካባቢ የለም ማለት ይቻላል። ቀዶ ሐኪሞች የመድፍ ፍንጣሪውን በመሣሪያና በጣት እየዳበሱ ነበር የሚፈልጉት። ራጅ ከተገኘ 19 ዓመት ሆኖታል፤ ለቁስለኛው ግን ገና አልተገኘም።

ማሪ ማሽኑን መኪና ላይ ጫነችው። ከባለሀብቶች መኪና ለመነች፣ ከየቤተ ሙከራው ዕቃ ሰበሰበች፣ የቀይ መስቀል የራዲዮሎጂ አገልግሎት ኃላፊነትን ያዘች። አሠራሩ ለማንኛችንም የሚገባ ነው። መኪናው ውስጥ ዲናሞ አለ፤ የመኪናው ሞተር ዲናሞውን ያዞራል፤ ዲናሞው ለራጁ ቱቦ ኤሌክትሪክ ይሰጣል። ሆስፒታል ተብሎ የተያዘ ቤት ወይም ድንኳን ጋ ሲደርሱ ቱቦውንና ጠረጴዛውን ወደ ውስጥ ያስገባሉ፣ ረጅም ገመድ ይዘረጋሉ፣ መስኮቱን በጥቁር መጋረጃ ይሸፍናሉ፤ ከዚያ ቁስለኛው ይገባል። አንድ ፎቶ ጥላውን እንጂ ጥልቀቱን አይነግርም። ስለዚህ ቱቦውን በታወቀ ርቀት ፈቀቅ አድርገው ሁለተኛ ያነሳሉ፤ ጥላው ስንት እንደተንቀሳቀሰ ለክተው ፍንጣሪው ከቆዳው ሥር ስንት እንደሚርቅ ያሰላሉ። የሁለተኛ ደረጃ ጂኦሜትሪ ነው፤ ሕይወት ያተርፋል።

እሷ ራሷ የሰው አናቶሚ አጠናች፤ በ1916 መንጃ ፈቃድ አወጣች፤ ጎማ መቀየር ተማረች። ሁለት ጊዜ የኖቤል ተሸላሚ፣ በ48 ዓመቷ፣ ጭቃ መንገድ ላይ ጎማ ስትቀይር አስቡት። ወታደሮቹ መኪኖቹን ትንንሾቹ ኩሪዎች አሏቸው። ጦርነቱ እስኪያልቅ 20 ያህል መኪኖችና 200 ያህል ቋሚ የራጅ ክፍሎች በእሷ ጥረት ተቋቁመው ነበር። በአገልግሎቱ የታዩት ቁስለኞች ከአንድ ሚሊዮን በላይ ናቸው።

ከተመረቅኩ በኋላ መጀመሪያ የተመደብኩበት፣ ከዋና ከተማ የራቀ ሆስፒታል ውስጥ የራጅ ማሽን ነበረን። ጥሩ ማሽን ነው፤ ላስቲኩ እንኳ በቅጡ አልተላቀቀም። የሚያንቀሳቅሰው ብቸኛ ባለሙያ ግን ተዛውሮ ስለነበር ለወራት ተቆልፎ ቆየ። እግሩ የተሰበረ ገበሬ ቃሬዛ ላይ ይመጣል፤ በካርቶንና በፋሻ እናስረዋለን፤ ሦስት ሰዓት በሚኒባስ ሄዶ ራጁን ተነስቶ ፊልሙን በፌስታል ይዞ ይመለሳል። የሚኒባስ ገንዘብ ያጣው ደግሞ ወደ ወጌሻ ይሄዳል። ከዚያ ወዲህ አንድ መሣሪያ ለሆስፒታል ተሰጠ የሚል ዜና ስሰማ ቀድሜ የምጠይቀው የሚያንቀሳቅሰው ማን እንደሆነ ነው።

ማሪም ይህን ነው ቶሎ ያየችው። መኪና ይለመናል፣ ቱቦ ይገዛል፤ ሰው ከየት ይመጣል? ወንዶቹ ዘምተዋል። ስለዚህ ከ1916 ጀምሮ ሴቶችን ማሠልጠን ጀመረች። ኤሌክትሪክ፣ የጨረር ባሕርይ፣ አናቶሚ፣ ፎቶ ማጠብ፣ የማሽን ጥገና አስተማረቻቸው። የትምህርት ደረጃቸው የተለያየ ነበር፤ ብዙዎቹ ፊዚክስ ተምረው አያውቁም። ጦርነቱ እስኪያበቃ 150 ያህል ሴቶች አሠልጥና አሰማራች። ትልቋ ልጇ ኢሬን ገና በ18 ዓመቷ ቤልጂየም ውስጥ ግንባር አጠገብ የራጅ ክፍል ለብቻዋ ይዛ፣ ዕድሜያቸው አባቷ ለሚሆኑ የጦር ሐኪሞች ፍንጣሪው የት እንዳለ በጂኦሜትሪ ታስረዳ ነበር። ማሪ በ20 መኪኖች ላይ ሁሉ መገኘት አትችልም ነበር። በእነዚያ ሴቶች በኩል ግን ተገኘች።

ሐኪም ነኝና ዋጋውን ሳልናገር ብቀር ጥሩ አይሆንም። የዚያን ዘመን መከላከያ ከሞላ ጎደል የብረት መጋረጃና የጨርቅ ጓንት ነበር። ማሪ ሐምሌ 4 ቀን 1934 ፈረንሳይ ተራራማ አካባቢ በሚገኝ ሳናቶሪየም በ66 ዓመቷ አረፈች። የገደላት አፕላስቲክ አኒሚያ ነው፤ የአጥንት መቅኒ ደም መሥራት ሲያቆም የሚመጣ በሽታ። ሁላችንም ራዲየሙ ገደላት ስንል ኖረናል። በ1995 አፅሟ ወደ ፓንቴዮን ሲዛወር የፈረንሳይ የጨረር መከላከያ መሥሪያ ቤት ባለሙያዎች ለኩና የተገኘው የራዲየም መጠን እንደተገመተው ከፍተኛ አልነበረም። ይበልጥ የጠረጠሩት የጦርነቱን ዓመታት ራጅ ነው። ኢሬንም በ1956 በሉኬሚያ ሞተች። ዛሬ የራጅ ባለሙያዎቻችን ደረታቸው ላይ የሚያንጠለጥሏት ትንሽ የጨረር መለኪያ ከእንዲህ ያለ ሞት በኋላ የመጣች ናት። መለኪያዋን ኪስ ውስጥ ረስቶ የሚገባ ባልደረባ ሳይ የማልታገሠው ለዚህ ነው።

ከጦርነቱ በኋላ ማሪ ተቋሟን መልሳ ለማቆም አንድ ግራም ራዲየም መግዛት አቃታት። አሠራሩን በነፃ የሰጠችው ሴት መሆኗ ነው! በ1921 የአሜሪካ ሴቶች 100,000 ዶላር አዋጥተው ገዙላትና ፕሬዚዳንት ሃርዲንግ ዋሽንግተን ውስጥ አስረከቧት። ከዓመታት በኋላ እንደገና አሜሪካ ሄዳ ሌላ ግራም አገኘች፤ ይህኛው ለራሷ አልነበረም። በ1932 በተወለደችበት ዋርሶ የራዲየም ተቋም ተከፈተና ካንሰር ማከም ጀመረ። የመጀመሪያዋ ኃላፊ ማን ትመስላችኋለች? ብሮኒያ፣ ያቺ በማሪያ ደመወዝ ሕክምና የተማረችው እህቷ።

በአገራችን የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ብቻ ይሰጥ እንደነበር ሁላችንም እናውቃለን። ከየክልሉ የሚመጣ ታማሚ ተራ እስኪደርሰው አዲስ አበባ ዘመድ ቤት ይጠብቃል፤ ዘመድ የሌለው ደግሞ ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም። አሁን በክልል ከተሞችም መከፈት መጀመሩ የሚያስደስት ነው። ሕንፃውና ማሽኑ ሲመረቅ ሪባን ይቆረጣል፣ ፎቶ ይነሳል። ማሪ ግን ከመኪናው ጋር ሁልጊዜ ሠልጣኝ ትልክ ነበር።

ስለዚህ ለማኅበራችን አባላትና አሁን በማስተማር ላይ ላላችሁ መምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ ላቅርብ። በዚህ የመገናኛ ቀን ምሳ ላይ ስንቀመጥ፣ ማን የት ደረሰ ከሚለው ወሬያችን መካከል ይህችንም እንጠያየቅ፤ በየሥራ ቦታችን እኛ ብቻ የምናውቀው ሥራ ምንድን ነው፤ እኛ ባንኖር ማን ይሠራዋል? መልስ ያጣንለትን እንጻፈው። ፋኩልቲውም በክረምት ክፍሎቹ ባዶ ሲሆኑ የወረዳ ሆስፒታል ባለሙያዎችን ለጥቂት ሳምንታት ጠርቶ ማሠልጠን ይችላል፤ እኛም የቀድሞ ተማሪዎች በተራ መጥተን እናስተምራለን። እኔ ለመጀመሪያው ዙር ስሜን አስመዝግቤያለሁ።