አሌክሳንድር ለኗር እና የፈረሱት አብያተ ክርስቲያናት

ስለ ፈረንሳይ አብዮት በክፍል ውስጥ ስንማር የባስቲል እስር ቤት መያዝና የንጉሥ ሉዊ 16ኛ በጊዮቲን መቀላት አይቀሩም። በዚያው ዘመን በገዳማትና በአብያተ ክርስቲያናት ላይ የደረሰው ጥፋት ግን እምብዛም አይነሣም። ከጥፋቱ ብዙ ነገር ያተረፈው ሰው ጄኔራል ወይም ጳጳስ አልነበረም፤ ሥዕል የተማረ የፓሪስ ልጅ ነበር። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

አሌክሳንድር ለኗር በ1761 ተወለደ። ዶያን ከተባለ የታወቀ ሠዓሊ ዘንድ ሥዕል ተማረ፤ ነገር ግን በብሩሹ ስም ያተርፋል የሚባል ሰው አልነበረም። አብዮቱ ባይመጣ ኖሮ ዛሬ ስሙን የሚያውቅ ባልተገኘ ነበር።

በኅዳር 1789 ብሔራዊ ሸንጎው የቤተ ክርስቲያን ንብረት በሙሉ በሕዝብ እጅ እንዲሆን ወሰነ። መንግሥቱ በዕዳ ተዘፍቆ ስለነበር ገንዘብ ይፈልግ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የምንኩስና ቃል ኪዳን በሕግ ተሻረ፤ መነኮሳቱም ገዳማቸውን ለቀቁ። ባዶ የቀሩት ሕንጻዎች ለገዢ ቀረቡ፤ ከገዢዎቹም ብዙዎቹ የፈለጉት ድንጋዩን ነበር። በሮም የቅዱስ ጴጥሮስ ባዚሊካ እስኪሠራ ድረስ በምዕራቡ ክርስትና ትልቁ የነበረው የክሉኒ ገዳም ቤተ ክርስቲያን በ1798 ተሸጦ እንደ ድንጋይ ካባ ለዓመታት ተፈልጦ ተወሰደ። ደወሎች እየወረዱ ቀልጠው መድፍና ሳንቲም ሆኑ። በፓሪስ ኖትር ዳም ፊት ለፊት ቆመው የነበሩት 28 የድንጋይ ነገሥታት በ1793 አንገታቸው ተቆርጦ ተጣሉ። አፍራሾቹ የፈረንሳይ ነገሥታት መስለዋቸው ነው እንጂ ሐውልቶቹ የመጽሐፍ ቅዱስ የይሁዳ ነገሥታት ነበሩ።

ከአብያተ ክርስቲያናቱ የተነቀለው የጥበብ ሥራ የሚከማችበት ቦታ ሲያስፈልግ፣ በሴን ወንዝ አጠገብ ያለ ፕቲ ኦጉስተን የሚባል ባዶ ገዳም መጋዘን ሆነ። በ1791 ለኗር የዚህ መጋዘን ጠባቂ ተደረገ። ሥራው ዕቃ መቁጠርና መመዝገብ ነበር፤ እሱ ግን ቁጭ ብሎ የሚመጣለትን አልጠበቀም። ሊፈርስ ነው ወደተባለበት ቦታ እየሄደ የመቃብር ሐውልቱን፣ መስተዋቱን፣ የተቀረጸውን እብነ በረድ እያስነቀለ በጋሪ ያስመጣ ጀመር። በሶርቦን የካርዲናል ሪሽልዮን መቃብር ሲከላከል በወታደር ሳንጃ እጁ ላይ እንደቆሰለ ይነገርለታል።

ከሁሉ የከፋው በሰን ደኒ የሆነው ነው። ከፓሪስ በስተ ሰሜን ያለው ይህ ቤተ ክርስቲያን ለብዙ መቶ ዓመታት የፈረንሳይ ነገሥታት መቃብር ነበር። በ1793 የበጋ ወራት መቃብሮቹ እንዲፈርሱ ታዘዘ። በጥቅምት ደግሞ የሬሳ ሣጥኖቹ ወጡ፤ እርሳሱ ለጥይት ተፈልጎ ቀለጠ፤ አጽሙም ከቤተ ክርስቲያኑ ውጭ በተቆፈረ ጉድጓድ ተጣለ። ከሞተ 183 ዓመት የሆነው የሄንሪ 4ኛ አስከሬን ፊቱ እስኪለይ ድረስ ደህና ሆኖ ተገኘ፤ እሱም ከሌሎቹ ጋር ጉድጓድ ወረደ። ለኗር በቦታው ተገኝቶ ያየ ሰው ነው። አጽሙን ማዳን አልቻለም፤ ከመቃብሮቹ ላይ የነበሩትን ሐውልቶች ግን በብዛት ወደ መጋዘኑ አስገባ።

እንዴት ተሳካለት? እንደ እኔ አስተያየት ዋናው ብልሃቱ ምክንያት መለወጡ ነው። በዚያ ወቅት አንድን ዕቃ ቅዱስ ነውና አትንኩት፣ ወይም የንጉሥ ነውና አክብሩት ማለት የሚያሳስር፣ ሲብስም የሚያስገድል ነበር። ለኗር ያቀረበው ሌላ ነው፤ ይህ ድንጋይ የሕዝቡ ታሪክ ነው፣ ልጆች ሊማሩበት ይገባል የሚል። በ1795 መጋዘኑን የፈረንሳይ ሐውልቶች ሙዚየም ብሎ ለሕዝብ ከፈተው። ክፍሎቹን በክፍለ ዘመን ለያቸው። የ13ኛው ክፍለ ዘመን ክፍል ጨለም ያለ፣ ጣራው ላይ ከዋክብት የተሣሉበት ነበር፤ ጎብኚው ወደ ኋለኞቹ ዘመናት ባለፈ ቁጥር ብርሃኑ እየጨመረ ይሄዳል። እንዲህ በዘመን ቅደም ተከተል የተደረደረ ሙዚየም ያኔ እንግዳ ነገር ነበር።

ንጹሕ ሰው አድርጎ መሣል ግን ስሕተት ነው። የጎደለውን ሐውልት ከሌላ ቤተ ክርስቲያን በመጣ ስባሪ ያሟላ ነበር። በሙዚየሙ አትክልት ቦታ ለአቤላርና ለኤሎዊዝ ያቆመው መቃብር ከልዩ ልዩ ቦታ በመጡ ቁርጥራጮች የተገጣጠመ ነው። ካትርሜር ደ ካንሲ የተባለው ምሁር ሙዚየሙን አጥብቆ ነቀፈ፤ ለጸሎትና ለሙታን መታሰቢያ የተሠራ ነገር ከቦታው ሲነቀል ትርጉሙን ያጣል የሚል ነበር ክርክሩ። እውነት አለው። ነገር ግን ለኗር በደረሰባቸው ብዙ ቦታዎች ምርጫው በመንቀልና በመተው መካከል ሳይሆን በመንቀልና በመሰባበር መካከል ነበር።

ነገሥታቱ ሲመለሱ ሉዊ 18ኛ በ1816 ሙዚየሙን ዘጋ፤ ዕቃውም ለየባለቤቱ እንዲመለስ አዘዘ። የነገሥታቱ ሐውልቶች ወደ ሰን ደኒ ተመለሱ። ብዙው ዕቃ ግን የሚመለስበት ቤተ ክርስቲያን ራሱ አልነበረም። ለኗር ሃያ አምስት ዓመት የደከመበት ሥራ በዓይኑ ፊት ሲበተን አየ፤ የተሰጠው ካሣ በሰን ደኒ የተመለሱትን ሐውልቶች የመጠበቅ ሥራ ነበር። አቤላርና ኤሎዊዝም በ1817 ወደ ፔር ላሼዝ መካነ መቃብር ተወሰዱ፤ እሱ የገጣጠመው ሐውልት ዛሬም እዚያው ቆሟል።

ለኗር በ1839 ሞተ። በልጅነቱ ሙዚየሙን ይጎበኝ የነበረ ዡል ሚሽሌ የሚባል የፓሪስ ልጅ አድጎ ከፈረንሳይ ታላላቅ የታሪክ ጸሐፊዎች አንዱ ሆነ፤ የታሪክ ፍቅር ያደረበትም በእነዚያ ክፍሎች ውስጥ መሆኑን ጽፏል። የለኗር ልጅ አልቤር ደግሞ አርክቴክት ሆነና በፓሪስ የመካከለኛው ዘመን ጥበብ ሙዚየም የሆነውን የክሉኒን ቤት ዕቅድ አወጣ። ከኖትር ዳም የተጣሉት የድንጋይ ነገሥታት ራሶች በ1977 በፓሪስ ከአንድ ግቢ ሥር ተቆፍረው ሲገኙ፣ 21ዱ የገቡት ወደዚሁ ሙዚየም ነው።