ንጥሩን ከድብልቁ የለዩት ዓሊም፤ አቡ ረይሓን አል-ቢሩኒ

ለልጅዎ ኒካሕ ከቦሌ ወርቅ ቤት 21 ካራት ቢገዙ፣ ከ24 እጁ 21ዱ ወርቅ፣ 3ቱ እንደ መዳብ ያለ ሌላ ማዕድን ነው። የጤፍና የአሸዋን ድብልቅ ወንፊት ይለየዋል፤ አብሮ የቀለጠውን ወጥ ድብልቅ ግን ዓይንም አይለየው።

ይህን ስውር ድብልቅ የሚያጋልጥ መላ ከደከሙበት ዑለማዎች አንዱ አል-ቢሩኒ ናቸው። እ.ኤ.አ. በ973 በኸዋሪዝም ተወለዱ። በ1017 ሱልጣን ማሕሙድ አገራቸውን ሲይዝ ወደ ጋዝና ተወሰዱ። ከአገራቸው ቢለዩም ከምርምር አልተለዩም። ጎኑ ላይ ቀጭን ቧንቧ ባለው ዕቃ ውኃ ሞልተው፣ የመዘኑትን ማዕድን ከተው፣ የፈሰሰውን ውኃ መዘኑ። እያንዳንዱ ንጥር ማዕድን የራሱ ልክ አለውና፤ ወርቅ ከእኩል ይዘት ውኃ 19 እጥፍ፣ ብር 10 እጥፍ ተኩል ያህል ይከብዳል። ስለዚህ ብር የገባበት ወርቅ፣ ክብደቱ እኩል ከሆነ ንጥር ወርቅ የበለጠ ውኃ ያፈሳል። ስለ ዕንቁና ማዕድናትም ኪታብ ጽፈው በ1048 ገደማ አረፉ።

አንባቢ ሆይ! ድብልቅ መሸጥ ነውር የለውም፤ ነውሩ ድብልቁን ንጥር ነው ብሎ መሸጥ ነው። ወርቅም፣ ቅቤም፣ ማርም ቢሸጡ፣ ገዢው የሚወስደውን ይወቅ። አላህ በሚዛናችን ታማኞች ያድርገን። አሚን።