ክሩን ያንቀሳቀሰው ሰው፦ አልበርት ሰንት-ጆርጂ



ጣታችን ሲቆረጥ ነጭ የደም ሕዋሳት ከደም ሥር ሾልከው እየተሳቡ ቁስሉ ጋ ይደርሳሉ። እግር የላቸውም፤ ታዲያ በምን ይሄዳሉ? መልሱን ለማግኘት መንገድ ከጠረጉት አንዱ የሃንጋሪው ሳይንቲስት አልበርት ሰንት-ጆርጂ ነው (ዓመታቱ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)።

አልበርት በ1893 በቡዳፔስት ተወለደ። በልጅነቱ መጽሐፍ የማይወድ፣ ያለ አስጠኚ ፈተና የማያልፍ ተማሪ ነበር። ሕክምና በማጥናት ላይ ሳለ የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት ተነሣና ዘመተ። እልቂቱ ከንቱ መሆኑ ሲገባው የገዛ ክንዱን በጥይት መትቶ ከግንባር ተመለሰ፤ በ1917 ተመረቀ።

በኔዘርላንድስና በካምብሪጅ ከሠራ በኋላ በሃንጋሪዋ ሴገድ ከተማ ፕሮፌሰር ሆነ። ሴገድ በበርበሬዋ የታወቀች ናት። ራሱ እንደሚተርከው፣ አንድ ማታ ለራት የቀረበለትን በርበሬ መብላት ስላላሰኘው ወደ ቤተ ሙከራ ይዞት ሄደና በቫይታሚን ሲ የበለጸገ ሆኖ አገኘው። በ1937 የኖቤል ሽልማት ተቀበለ።

ሌላ ሰው ቢሆን እዚህ ላይ ባረፈ ነበር። እሱ ግን ወደ ጡንቻ ዞረ። ከባልደረባው ከኢሎና ባንጋ ጋር ከተፈጨ ጡንቻ ማዮሲን የተባለውን ፕሮቲን በጨው ውሃ ሲያወጡ፣ በሃያ ደቂቃ የወጣው ቀጭን፣ እስከ ማግስቱ የቆየው ግን ወፍራም ሆነ። ልዩነቱን እንደ ስህተት ቆጥረው አልደፉትም። ከወፍራሙ ክር ሠርተው የሕዋስ ነዳጅ የሆነውን ኤቲፒ ሲጨምሩበት፣ ክሩ ዓይናቸው እያየ ተኮማተረ። ምክንያቱን ወጣቱ ብሩኖ ስትራውብ በ1942 አገኘው፤ በወፍራሙ ውስጥ አክቲን የተባለ ሌላ ፕሮቲን አብሮ ወጥቶ ነበር።

ዛሬ ሁለቱ ፕሮቲኖች ከጡንቻ ውጭ ባሉ ሕዋሳትም እንደሚገኙ እናውቃለን። አክቲን ከሕዋሱ አጽም ዋና ክሮች አንዱ ሲሆን ማዮሲን ሞተሩ ነው። ሞተር ደግሞ ማብሪያና ማጥፊያ ይፈልጋል። ካይኔዝ የተባሉ ኢንዛይሞች ከኤቲፒ አንድ ፎስፌት ወስደው ፕሮቲን ላይ ይለጥፋሉ፤ ፎስፋቴዝ የተባሉት መልሰው ያነሡታል። ይህ ፎስፎሪሌሽን ይባላል። በፕሮቲን ላይ እንደ ማብሪያ የሚሠራ መሆኑን በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ ያሳዩት ክሬብስና ፊሸር በ1992 ኖቤል ተሸልመዋል።

ፎስፌቱ ማዮሲን ላይ ሲለጠፍ ሞተሩ ይነሣል፣ የሕዋሱ ኋላ ይጎተታል። የአክቲንን ክር በሚቆርጠው ኮፊሊን ላይ ሲለጠፍ ግን ቆራጩ ሥራ ያቆማል። ከፊት አክቲን እያደገ ይገፋል፣ ከኋላ ማዮሲን ይጎትታል፤ ሕዋሱም ይሄዳል። ይህ ቁጥጥር ሲበላሽ የካንሰር ሕዋስ ቦታውን ለቆ እንዲሰራጭ ይረዳዋል።

ሰንት-ጆርጂ የጡንቻ ምርምሩን የሠራው በጦርነት መሐል ነው። የኖቤል ወርቅ ሜዳሊያውን ሶቪየት ኅብረት ለወረረቻት ፊንላንድ መርጃ ሰጠ። በ1943 ንግግር ላደርግ ነው ብሎ ኢስታንቡል ሄደና ሃንጋሪ ከሂትለር ጎራ እንድትወጣ ከብሪታንያ ወኪሎች ጋር በምስጢር ተነጋገረ። ናዚዎች ደረሱበት፤ ጦርነቱ እስኪያበቃ ተደብቆ ኖረ። በ1947 ወደ አሜሪካ ተሰደደ፤ በማሳቹሴትስ ዉድስ ሆል ሲመራመር ቆይቶ በ1986 በ93 ዓመቱ አረፈ።

እኛ የኢንጂነሪንግ ተማሪዎች ላብ ውስጥ ያገኘነው ውጤት ከሚጠበቀው ሲለይ፣ ብዙ ጊዜ ሪፖርቱ ላይ ቁጥሩን "እናስተካክላለን"። እኔም አድርጌዋለሁ። የሴገዶቹ ሰዎች ያን ወፍራም ፈሳሽ ደፍተውት ቢሆን ኖሮ አክቲን ምናልባት ሌላ ሰው እስኪደርስበት ይቆይ ነበር። ዒልም አማና ነው፤ ያየነውን እንዳየነው መጻፍ የአማናው መጀመሪያ ነው። አላህ ጠቃሚ ዒልም ይወፍቀን።