ኢማም ሐሰን ኤንጃሞ፦ የቀቤናው መሪና ያልተቀረጸው ጦርነት

ሆሳዕና አስተምር በነበረበት ጊዜ የሊቢያውን ሸይኽ ዑመር ሙኽታርን ታሪክ አሳምረው የሚተርኩ ተማሪዎች ነበሩኝ። ታሪኩን ያገኙት ከመጽሐፍ ሳይሆን ሙስጠፋ አቃድ በ1981 (እ.ኤ.አ.) ካወጣው ፊልም ነው። እዚሁ ወልቂጤ አጠገብ ስለተዋጉት ኢማም ሐሰን ኤንጃሞ ስጠይቃቸው ግን ብዙዎቹ ዝም ይላሉ።

ቀቤናዎች ቋንቋቸው ከከምባታና ከአላባ ጋር የሚቀራረብ፣ የዘር ሐረጋቸውም ከሐድያ የሚመዘዝ ሕዝብ ናቸው። ዑመር ባክሳ የሚባሉት መሪ ካጠናከሯቸው በኋላ ሥልጣኑ ለሐሰን ደረሰ፤ መቀመጫቸውም ዘቢ ሞላ ነበረች። ጊዜው የሸዋው ንጉሥ ምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ የሚገፋበት ነው። ሐሰን ጂሃድ አወጁ፤ ከቀቤና ሌላ የሐድያ፣ የስልጤና የጉራጌ ሙስሊሞች ተሰለፉላቸው። በየጎሳው የራሱ አለቃ ያለውን፣ በግጦሽና በከብት ሲጣላ የኖረን ሕዝብ በአንድ ሰንደቅ ሥር ማሰባሰብ፣ በእኔ ግምት፣ ከድሉም የሚበልጥ ሥራ ነው። ድልም አላጡም፤ የሸዋን ጦር ደጋግመው መልሰዋል።

በመጨረሻ ምኒልክ ራስ ጎበና ዳጬን ላኩባቸው። ብዙ ጠመንጃ የታጠቀው ጦር ጀብዱ ሜዳ ላይ የሐሰንን ሠራዊት ሰበረ።

ይህን ታሪክ የሙስሊምና የክርስቲያን ጦርነት ብቻ አድርጎ የሚያቀርብ ፊልም ቢሠራ ግማሹን ያጎድላል። ጎበና ራሳቸው ኦሮሞ ነበሩ። የሐሰንን ጥሪ ያልተቀበሉ የጉራጌ ቤቶችም ከኢማሙ ሠራዊት መከራ አይተዋል፤ የልጅ ልጆቻቸው ዛሬም ጎረቤቶቻችን ናቸውና ይህን መዝለል አይገባም። ኃይሌ ገሪማ በ1999 (እ.ኤ.አ.) «አድዋ»ን ሲሠራ የጦር ሜዳ ትዕይንት ከማስመሰል ይልቅ በሽማግሌዎች ትረካ፣ በዘፈንና በሥዕል ተማምኗል። ለጀብዱ ሜዳ የሚሆነው መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ ወጪውም ቢሆን ይቀላል። የቀቤናም፣ የስልጤም፣ የቸሃም አዛውንት በየቋንቋቸው ይናገሩበት።

ከሽንፈቱ በኋላ ኢማም ሐሰን አካባቢውን ለቀው ሸሹ፤ ኃይላቸውም እንደ ቀድሞው አልተመለሰም። ድል አድራጊው ጎበናም ብዙ አልቆዩም፤ በ1881 ዓ.ም ሞቱ። ዘቢ ሞላ ዛሬም በቀቤና ምድር አለች። ካሜራ ያለው የሆሳዕና ወጣት በወልቂጤ መንገድ ወጥቶ፣ አዛውንቶቹ ሳያልፉ ሊደርስባት ይችላል።