በረዶ ሊቆጥር የሄደው ሰው

ከጉብሬ ተነስቶ የጉራጌን ተራሮች አቋርጦ ወደ ቡታጅራ የወረደ ሰው ያውቀዋል፤ ደጋው ያልቅና ስምጥ ሸለቆው ከፊቱ ይዘረጋል። ያ ሸለቆ ዛሬም በዓመት ጥቂት ሚሊ ሜትር እየሰፋ ነው። አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ ማለት እኮ ነው! ይህን ብሎ በዘመኑ ምሁራን የተሳቀበት ሰው አልፍሬድ ቬገነር ይባላል። ሥራውም ሞቱም ከበረዶ ጋር ነበር። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

ቬገነር በ1880 በርሊን ተወለደ። በሥነ ፈለክ ዶክትሬት ቢይዝም ልቡ ያደላው ወደ አየር ጠባይ ጥናት ነው። በ1906 ከወንድሙ ከኩርት ጋር በባሉን 52 ሰዓት ተኩል አየር ላይ ቆይቶ የዓለም ክብረ ወሰን ሰበረ። በዚያው ዓመት ወደ ግሪንላንድ ሄደ። የኢትዮጵያን ሁለት እጥፍ የምታክል ደሴት ናት፤ 80 በመቶ ያህሏ በበረዶ የተሸፈነ ነው። በዚያ ጉዞ የቡድኑ መሪና ሁለት ሰዎች ሞቱ። እሱ ግን በ1912 ተመልሶ ሄደና በቀጣዩ ዓመት ደሴቲቱን በበረዶው ላይ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ አቋረጣት።

በ1912 መጀመሪያ አህጉራት ድሮ አንድ ላይ ነበሩ የሚለውን ሐሳቡን ይፋ አደረገ። ከማስረጃዎቹ አንዱ ዛሬ ሞቃት በሆኑት አፍሪካና ህንድ የጥንት በረዶ ዱካ መገኘቱ ነው። የሩቅ አገር ወሬ እንዳይመስላችሁ፤ ትግራይ ውስጥ እዳጋ ዓርቢ አካባቢ ያለው አለት ከ300 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በረዶ ጥሎት የሄደ ነው። ምሁራኑ አህጉር የሚገፋውን ኃይል አሳየን አሉት፤ ማሳየት አልቻለም።

በ1930 ትልቅ ቡድን መርቶ ግሪንላንድ ገባ። አንዱ ሥራቸው የበረዶውን ውፍረት መለካት ነበር። ከላይ ፈንጂ ያፈነዳሉ፣ ድምፁ ከሥር ካለው አለት ነጥሮ እስኪመለስ ያለውን ጊዜ ይለካሉ። መሃሉ ላይ ከ2 ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ ተገኘ።

ከባሕሩ ዳርቻ 400 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ፣ በበረዶው መሃል፣ ሁለት ባልደረቦቹ ስንቅ ይጠብቁ ነበር። መስከረም ላይ በውሻ በሚጎተቱ 15 ተንሸራታች ጋሪዎች ተነሱ። ብርዱ ጠናና አብዛኞቹ ተመለሱ። ጥቅምት 30 የደረሱት ሦስት ብቻ ናቸው፤ የአንዱ የእግር ጣቶች በብርድ ሞተዋል። ያለው ስንቅ ለአምስት ሰው አይበቃም። ስለዚህ ቬገነር 50 ዓመት በሞላው ቀን ራስመስ ቪሉምሰን ከተባለ ወጣት ግሪንላንዳዊ ጋር መልሶ ወጣ። ሁለቱም አልደረሱም። የቬገነር አስከሬን በቀጣዩ ግንቦት በረዶ ውስጥ በጥንቃቄ ተቀብሮ ተገኘ። የቀበረው ራስመስ ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም።

የውቅያኖስ ወለል ተጠንቶ ስለ አህጉራት የተናገረው ትክክል መሆኑ የታመነው በ1960ዎቹ ነው።

ሱቅ ውስጥ ያደገ ልጅ አንድ ነገር ያውቃል፤ መጀመሪያ ዕቃውን ያልቆጠረ ነጋዴ ማትረፉንም መክሰሩንም አያውቅም። እነ ቬገነር የግሪንላንድን በረዶ ከቆጠሩት የመጀመሪያዎቹ ናቸው። ዛሬ ሒሳቡን የሚሠሩት ሳተላይቶች ናቸው፤ ኪሳራው በአማካይ በዓመት ከ200 ቢሊዮን ቶን በላይ ነው። ሁሉም ቢቀልጥ የዓለም ባሕር 7 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል። ጉብሬ ባሕር አይደርስባትም። የምንነዳው ነዳጅ የሚገባው ግን በጅቡቲ ወደብ ነው፤ ወደቡ ደግሞ ያለው ባሕሩ ጠርዝ ላይ ነው።