ቢምቢን በሒሳብ ያሰላው ሐኪም፦ ሮናልድ ሮስ

በእንጅባራ ብርድ የማያማርር ማን አለ? ግን ይሄ ብርድ ከወባ እንደሚጋርደን ስንቶቻችን እናውቃለን? ዛሬ የወባን ምስጢር የፈታውን ሰው ታሪክ ይዘንላችሁ መጥተናል። (ዓመታቱ እ.ኤ.አ. ናቸው)

ሮናልድ ሮስ በ1857 ሕንድ ውስጥ ተወለደ። ልቡ ከግጥምና ከሙዚቃ ጋር ነበር፤ አባቱ ግን ሐኪም እንዲሆን ፈለገ። ለንደን ተምሮ በ1881 ሕንድ ውስጥ በሐኪምነት ሥራ ጀመረ። ያኔ ብዙ ሰው ወባ ከረግረግ በሚነሳ መጥፎ አየር ይመጣል ብሎ ነበር የሚያምነው።

በ1894 ፓትሪክ ማንሰን የተባለ ሐኪም ቢምቢን እንዲመረምር መከረው። ሮስም ሕንድ ተመልሶ በዚያ ሙቀት ቢምቢ እየሰነጠቀ በማይክሮስኮፕ ሲያይ ከረመ። ነሐሴ 1897 ላይ ተሳካለት፤ የወባን ተሕዋስ በቢምቢ ሆድ ውስጥ አገኘው። በ1902 ኖቤል ተሸለመ።

ሮስ ግን እዚህ ላይ አላቆመም። ብዙዎች ቢምቢን ጨርሶ ማጥፋት ስለማይቻል ልፋቱ ከንቱ ነው ይሉት ነበር። እሱ በሒሳብ መለሰላቸው፦ የቢምቢው ብዛት ከተወሰነ ልክ በታች ከወረደ ወባው በራሱ ጊዜ ይከስማል። ስሌቱን በ1911 አሳተመው። በ1932 ለንደን ውስጥ አረፈ።

የዛሬ ተመራማሪዎች በዚያ ስሌት ላይ ሙቀትና ዝናብ ጨምረውበታል። ተሕዋሱ ቢምቢ ውስጥ ለመብሰል በሞቃት ቦታ 10 ቀን ገደማ ይበቃዋል። ብርድ ላይ ግን ስለሚዘገይ ቢምቢዋ ቀድማው ትሞታለች። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ያለችው እንጅባራ የተረፈችው በዚህ ነው፤ ቆላው ጃዊ ግን ወባ አያጣውም።

ታዲያ ሙቀቱ ሲጨምርስ? በ1958 በሀገራችን የተነሳው ወረርሽኝ ወባ እምብዛም ወደማያውቃቸው ደጋማ ቦታዎች ወጥቶ 150,000 ያህል ሰው እንደፈጀ ይገመታል። በ2014 የወጣ ጥናትም በሞቃት ዓመታት ወባ በኢትዮጵያ ደጋዎች ወደ ላይ እንደሚወጣ አሳይቷል። በክልላችንም የሳተላይት የዝናብና የሙቀት መረጃን ከጤና ተቋማት ሪፖርት ጋር አገናኝቶ ወረርሽኝ የሚተነብይ ኤፒዴሚያ የተባለ ሥርዓት ተሞክሯል።

ትንበያው ብቻውን ግን አያድንም። ለሥራ ጃዊ ወርዳችሁ ስትመለሱ ትኩሳት ከያዛችሁ ጉንፋን ነው ብላችሁ አትተኙ፤ በዚያው ቀን ተመርመሩ። ቆላ የሚወርድ ጓደኛ ካላችሁ ሼር አድርጉለት፤ አጎበሩንም እንዳይረሳ!