መምህር ሳሉ ደቀ መዝሙር የሆኑት ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል

ስለ ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል በስብከትም ሆነ በትምህርተ ክርስቶስ ክፍል ሲነገር ታሪኩ ብዙውን ጊዜ የሚጀመረው ከመጨረሻው ነው፤ ከሰንሰለቱ፣ ከግርፋቱና ከሰማዕትነቱ። ቤተ ክርስቲያን ብፁዕ ያለቻቸው ስለ ሰማዕትነታቸው ነውና ይህ አያስነቅፍም። ነገር ግን ከሰንሰለቱ በፊት ያለው ረጅም ዕድሜ በጥቂት ቃላት እየታለፈ የእኚህ አባት ታዛዥነት የአንድ ቀን ጀግንነት ብቻ እንዳይመስል እንሰጋለን። ስለዚህ በዚህ እትም ከሥሩ ለመጀመር ወደናል። በጽሑፉ ውስጥ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አባ ገብረ ሚካኤል የተወለዱት በ1790 ገደማ በጎጃም፣ ከመርጡለ ማርያም ገዳም ብዙ በማይርቅ ዲቦ በተባለ መንደር ነው። ገና በልጅነታቸው አንድ ዓይናቸውን አጡ። እንዲህ ያለ ልጅ ከሞፈርና ከጦር ይልቅ ለመጽሐፍ መታጨቱ በአገራችን የቆየ ነገር ነው፤ የቀረችው አንዲት ዓይን ግን ከብዙዎች ሁለት ዓይን ይልቅ የብራና መጻሕፍትን አገላብጣለች። በመርጡለ ማርያም ተምረው በወጣትነታቸው በዚያው መነኮሱ።

በገዳም ግን ልባቸው አላረፈም። ስለ ምንኩስና ሕይወት በመጻሕፍት ያነበቡትና በዘመናቸው ገዳማት ያዩት አልገጠመላቸውም። ሌላው ሰው ይህን ሲያይ ወይ ዝም ይላል፣ ወይ ወቀሳውን ይዞ ከደጀ ሰላም ደጀ ሰላም ይዞራል። እርሳቸው ግን ጉድለቱ ከየት እንደ መጣ ለማወቅ፣ የጥንቱን ሥርዓት የያዙትንም መጻሕፍት ለመፈለግ ከአለቆቻቸው ፈቃድ ጠይቀው ወጡ። ፈቃድ ጠይቀው እንደ ወጡ አንባቢ ልብ ይበልልን። ከገዳም ወደ ገዳም ተዘዋውረው በመጨረሻ የሊቃውንት መናኸሪያ ወደ ነበረችው ጎንደር ደረሱ። በዚያም መረመሩ፣ አስተማሩም፤ ተማሪዎች በዙሪያቸው ተሰበሰቡ።

ዘመኑ ዘመነ መሳፍንት ነበር። ነገሥታቱ በጎንደር በስም ብቻ ተቀምጠው መሳፍንቱ አገሪቱን ተከፋፍለዋት ነበር። በሃይማኖት በኩልም ሊቃውንቱ ቅባት፣ ጸጋ፣ ካራ እየተባባሉ ስለ ክርስቶስ ልደትና ባሕርይ ይከራከሩ ነበር። ክርክሩ በጉባኤ ቤት ተወስኖ አልቀረም፤ ከመሳፍንቱ ጠብ ጋር እየተጠላለፈ ሰይፍም አስመዝዟል። በዚህ ላይ አቡነ ቄርሎስ ካረፉ በኋላ አገሪቱ ለአሥር ዓመታት ያህል ያለ ጳጳስ ቆየች። አባ ገብረ ሚካኤል በክርክሩ ውስጥ የኖሩ ሰው ነበሩ። የአንዱን ወገን መልስ በቃል ማወቅ ለአንድ መምህር ስምና እንጀራ ያስገኝ ነበር፤ እርሳቸውን ግን አላጠገባቸውም። ኢየሩሳሌም ደርሰው ከምንጩ ለመጠየቅ ተመኙ።

ምኞቱ በ1841 መንገድ አገኘ። የሰሜንና የትግራይ ገዥ ደጃዝማች ውቤ ጳጳስ ለማስመጣት ወደ ግብጽ መልእክተኞችን ሲልኩ አባ ገብረ ሚካኤልም ከእነርሱ ጋር ተጓዙ። ከመልእክተኞቹ ጋር አንድ ኢጣሊያዊ ካህን ነበሩ። እርሳቸውም በ1800 በደቡብ ኢጣሊያ በሳን ፌሌ የተወለዱት፣ በ1839 ዓድዋ የገቡት የላዛሪስት ማኅበር ካህን ቅዱስ ዩስጢኖስ ዴ ያቆቢስ ናቸው። የአገራችን ካቶሊካውያን አቡነ ያዕቆብ ይሏቸዋል። ደጃዝማች ውቤ አብረው እንዲሄዱ ሲጠይቋቸው ነገሩ ቀላል አልነበረም፤ ካቶሊካዊ ካህን ሆነው የሌላ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ ለማስመጣት መሄድ ነውና። መልእክተኞቹ ሮምንም እንዲጎበኙ ተስማምተው ሄዱ። በኋላ ከዚሁ ጉዞ በተገኘው ጳጳስ ስንት መከራ እንደ ደረሰባቸው የሚያውቅ ሰው ይህን እሺታ እንደ ሞኝነት ሊቈጥረው ይችላል፤ እኛ አንቈጥረውም።

አባ ገብረ ሚካኤል ፈረንጁን ካህን በመጀመሪያ በጥርጣሬ ዓይን ነበር የሚመለከቷቸው። በሃምሳ ዓመት ገደማ የሚገኙ የጎንደር መምህር ከአሥር ዓመት በሚያንሳቸው የባዕድ አገር ሰው ለመማር የሚያበቃ ምክንያት አልነበራቸውም። ክርክርም ቢነሣ የሚሸነፉ አልነበሩም። የአቡነ ያዕቆብን ልብ ያዩት በመንገዱ ኑሮ ነው። የአገሩን ቋንቋ የተማሩ፣ የአገሩን መነኮሳት አለባበስ የለበሱ፣ የሚንቋቸውን የሚያከብሩ ሰው አዩ።

በካይሮ ፓትርያርክ ጴጥሮስ 7ኛ እንድርያስ የተባለ ገና ወጣት መነኩሴ ሾሙላቸው፤ በኋላ አቡነ ሰላማ የተባሉት ናቸው። አባ ገብረ ሚካኤል በምርጫው ደስ አልተሰኙም፤ ይህንንም አልደበቁም። ከመልእክተኞቹ ከፊሉ ወደ ሮም ቀጥለው በዚያው ዓመት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 16ኛ ተቀበሏቸው። ከዚያም ኢየሩሳሌምን ተሳለሙ። ወደ አገር ሲመለሱ አባ ገብረ ሚካኤል ክርክሩን ያበርድ ይሆናል በማለት ስለ ሃይማኖቱ ጉዳይ ከፓትርያርኩ ደብዳቤ ይዘው ነበር። ደብዳቤው የታሰበውን ስምምነት አላመጣም።

የታሪኩ እምብርት ያለው እዚህ ላይ ይመስለናል። ሮምን በ1841 አይተዋል፤ ወደ ካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንድነት የገቡት ግን በየካቲት 1844 ነው። በእነዚህ ሁለት ዓመት ተኩል ውስጥ ምን አደረጉ? መረመሩ፣ ጠየቁ፣ ተከራከሩ። የሮም ግርማ አላስቸኰላቸውም፤ ያዩት ሁሉ ወዲያው ቢማርካቸው ኖሮ ምናልባት በመጀመሪያው መከራ ይመለሱ ነበር። በሌላ በኩል ደግሞ ምርመራውን መሸሸጊያ አላደረጉትም። ሁልጊዜ እየመረመረ ሁልጊዜ የሚዘገይ ሰው አለ፤ አንድ መጽሐፍ ሲጨርስ ሌላ ይጀምራል፣ የሚወስንበት ቀን ግን አይመጣም። አባ ገብረ ሚካኤል እውነት መሆኑን ባመኑበት ጊዜ ተነሥተው ሄዱ፤ ከአቡነ ያዕቆብ ፊትም እንደ ተማሪ ቆሙ። ያን ጊዜ ዕድሜያቸው ሃምሳን አልፎ ነበር። የመምህርነት ወንበራቸው፣ የጎንደር ስማቸው፣ የወዳጆቻቸው ከበሬታ አብሮ ቀረ። በእኛ ግምት ከኋላ ከመጣው ጅራፍ ይልቅ ከባዱ ይህ ነበር። ጅራፍን ሌላ ሰው ያነሣዋል፤ ከወንበር የሚወርደው ግን ሰው ራሱ ነው።

ከዚያ በኋላ ሥራ ሆነ። አቡነ ያዕቆብ በዓዲግራት አቅራቢያ በጓላ የዘርአ ክህነት ትምህርት ቤት ሲከፍቱ አባ ገብረ ሚካኤል ወጣቶቹን አስተማሩ። የግእዝ ሰዋስውና መዝገበ ቃላት አዘጋጁ፤ ከአቡነ ያዕቆብ ጋር ሆነው የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ በአገር ቋንቋ እንዲገኝ ደከሙ። ጣሊያናዊው አባት የላቲኑን ሥርዓት ለማልበስ አልቸኰሉም፤ የግእዙን ሥርዓት ወደዱት። ዛሬ በግእዝ ሥርዓት የምንቀድስ ካህናት ይህን ውርስ ያገኘነው በከፊል ከጓላ ነው።

እዚህ ላይ ለየቁምስናው የትምህርተ ክርስቶስ መምህራን አንድ ቃል ብንናገር ይፈቀድልን። ጥያቄና መልሱን በቃል ማወቅና ማስጠናት ትልቅ አገልግሎት ነው፤ እኛም ካህናቱ በዚያው መንገድ አልፈናል። ነገር ግን ስለ ይቅርታ አስተምሮ ሲያበቃ ከጎረቤቱ ጋር የሚያስታርቁ ሽማግሌዎችን ከደጁ የሚመልስ መምህር ቢኖር፣ ልጆቹ የሚማሩት ከሰሌዳው ሳይሆን ከደጁ ነው። ስለ ምጽዋት የሰበከ ካህንም እንዲሁ። አባ ገብረ ሚካኤል ያነበቡትና የኖሩት እንዲገጥም በመሻት ከመርጡለ ማርያም የወጡ ሰው መሆናቸውን እናስታውስ።

መከራው ቀስ በቀስ መጣ። አቡነ ሰላማ የካቶሊካውያኑን ሥራ አጥብቀው ይቃወሙ ነበርና አባ ገብረ ሚካኤል ከአንድ ጊዜ በላይ ታሰሩ፤ ተፈቱ፤ ወደ ማስተማራቸው ተመለሱ። በ1849 በምጽዋ በስውር የጵጵስና ማዕረግ የተቀበሉት አቡነ ያዕቆብ በ1851 አባ ገብረ ሚካኤልን ቅስና ሾሟቸው። ዕድሜያቸው ስድሳ ገደማ ነበር።

በ1854 ጎንደርን የያዙት ደጃዝማች ካሣ፣ የኋላው ዐፄ ቴዎድሮስ፣ ከአቡነ ሰላማ ጋር ተስማምተው ነበር። በሐምሌ ወር አቡነ ያዕቆብ፣ አባ ገብረ ሚካኤልና ጥቂት ባልንጀሮቻቸው ተያዙ። አቡነ ያዕቆብን ከአገር አስወጧቸው። የአገሩ ተወላጆች ግን እግራቸው በግንድ ተጠርቆ በእስር ቤት ቀሩ፤ የሚጠየቁትም አንድ ነገር ነበር፤ ሃይማኖታችሁን ተዉ የሚል። ዐፄ ቴዎድሮስን በዚህ ድርጊት ብቻ መመዘን ፍርደ ገምድልነት ይሆንብናል፤ የተበታተነችውን አገር በአንድ ዘውድና በአንድ ሃይማኖት ለመሰብሰብ የተነሡ ሰው ነበሩ። ነገር ግን የሰው ኅሊና እንደ አምባ በጦር አይያዝም።

ብዙ ጊዜ የምንሰማው ጥያቄ አለ፤ ንጉሡንም ጳጳሱንም እምቢ ያለ ሰው እንዴት የታዛዥነት ምሳሌ ይሆናል? ጥያቄው ቀልድ አይደለም። አባ ገብረ ሚካኤል ከገዳማቸው የወጡት በፈቃድ ነው፤ ከአቡነ ያዕቆብ ሥር በተማሪነት ኖረዋል፤ በንጉሡ ላይ ጦር አላነሡም፤ ሕዝብንም አላሸፈቱም። እምቢ ያሉት በአንዲት ነገር ብቻ ነው፤ ያመኑትን አላመንኩም እንዲሉ በተጠየቁባት። ይህችን አንዲት እምቢታ ያጸናት የቀረው ዕድሜያቸው እሺታ ነው። በዘወትር ኑሮው ለማንም የማይታዘዝ ሰው በመጨረሻው ሰዓት ለእግዚአብሔር ታዝዤ ነው ቢል የሚያምነው ጥቂት ነው።

ካሣ በ1855 መጀመሪያ ደጃዝማች ውቤን ድል ነሥተው ዐፄ ቴዎድሮስ ተብለው ነገሡ። ሽማግሌው እስረኛ በንጉሡ ፊት ቀረቡ፤ እንደ ቀድሞው መለሱ። የሕይወት ታሪካቸውን የጻፉ እንደሚተርኩት በቀጭኔ ጅራት ተገረፉ፤ ያችን አንዲት ዓይናቸውንም ለማጥፋት ተሞከረ፤ እርሳቸው ግን በሕይወት ተነሡ። ከዚህ የተነሣ ወታደሮቹ በቅዱስ ጊዮርጊስ ስም ይጠሯቸው ጀመር ይባላል። በግንቦት 31 ቀን 1855 ሞት ተፈረደባቸው። በዚያ የነበሩት የእንግሊዝ ቆንሲል ዋልተር ፕላውደን ስለ እርሳቸው ለመኑ፤ ፍርዱም ወደ ዕድሜ ልክ እስራት ተለወጠ። ምሕረት ግን አልነበረም፤ ሠራዊቱ በዘመተበት ሁሉ በሰንሰለት ታስረው በእግራቸው ይጓዙ ነበር።

ያ ሁሉ ደም የፈሰሰበት ክርክር ዛሬ በሌላ ዓይን ይታያል። በ1973 ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጳውሎስ 6ኛና የእስክንድርያው ፓትርያርክ ሺኖዳ 3ኛ በሮም ተገናኝተው ስለ ክርስቶስ ፍጹም አምላክነትና ፍጹም ሰውነት የጋራ እምነታቸውን በአንድ ሰነድ ፈርመዋል። የአባ ገብረ ሚካኤልን ታሪክ ስናስተምር በኦርቶዶክሳውያን ወንድሞቻችን ላይ ቂም የምናሳድግበት እንዳይሆን መጠንቀቅ አለብን። እርሳቸው የተማሩትን ግእዝ፣ የጾሙትን ጾም፣ የለበሱትን የምንኩስና ቆብ የሰጠቻቸው ያችው መርጡለ ማርያም ናት።

በዚያው ዓመት በሠራዊቱ ውስጥ ወረርሽኝ ገባ፤ ኮሌራ ነበር። አባ ገብረ ሚካኤል ከሚሰጣቸው ጥቂት ምግብ ለታመሙት ያካፍሉ ነበር ይባላል። ከጠባቂዎቻቸው መካከል ያከበሯቸው ብዙዎች ነበሩ። በነሐሴ ወር መጨረሻ፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ኦገስት 28 ቀን 1855፣ በጉዞ ላይ ሳሉ ኃይላቸው አለቀ፤ ከመንገድ ዳር ተጋድመው አረፉ። ወታደሮቹ ሰንሰለቱን ከእግራቸው ፈትተው ከአንድ ዛፍ ሥር ቀበሯቸው። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በኦክቶበር 3 ቀን 1926 ብፅዕናቸውን በሮም አወጁ፤ መምህራቸው አቡነ ያዕቆብ ቅዱስ የተባሉት ከዚያ በኋላ በ1975 ነው።

አንድ ነገር ቀርቶናል። አባ ገብረ ሚካኤል ከመታሰራቸው በፊት ወደ አቡነ ያዕቆብ ማኅበር ለመግባት ጠይቀው ነበር። ስድሳ ዓመት ያለፋቸው ካህንና መምህር፣ እንደ ማንኛውም ወጣት ከጀማሪዎች ጋር ተቀምጠው የማኅበሩን ሥርዓት ሊማሩ ነበር። እስሩ ቀደማቸው። የላዛሪስት ማኅበር ግን እስከ ዛሬ ከልጆቹ እንደ አንዱ ይቈጥራቸዋል።